«ነካ አድርጎታል» እንዳይሉኝ ብዬ

ዩኒፎርሙ ገና ላልለሰለሰላችሁ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ልጆች፤

እኔ ዕድሜዬን በእሳት አደጋ መኪና ላይ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ቱቦና ስለ መሰላል የሚያስተምራችሁ ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ እንቅልፍ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ቆሼ፣ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ተራራ፣ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቁጥሩን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን አንድ በአንድ ነበር የሚወጣው። ኤክስካቫተሩ ሲቆፍር ዘመድ ዳር ቆሞ ያለቅሳል። ማሽኑ ቆም ሲል ልቅሶውም ቀጥ ይላል፤ ማን ተገኘ ብሎ። እኔ ላይ የቀረው ያ ዝምታ ነው።

ቤቴ ስገባ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀኝም። ከወራት በኋላ እንኳ ባለቤቴ የቆሻሻ ፌስታል ስትቋጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ልጄ በር ካንኳኳ እጮህበታለሁ። ማታ ማታ ድራፍት፤ ድራፍቱ አልበቃ ሲል አረቄ። ጓደኞቼ «ጋሼ ተጫዋች ሆነ» ይላሉ። እኔ የምጠጣው ለመተኛት ነው።

ለምን አልተናገርኩም? ከዚያ በፊት አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። ከአንድ ቃጠሎ ሲመለስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቃው መጋዘን አስገባው። እኛም «ነካ አድርጎታል፣ አማኑኤል ውሰዱት» እያልን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ምን እንደምባል በደንብ አውቅ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለጨጓራ እንጠቅሰዋለን፤ ለዚህኛው ሲሆን ይጠፋብናል። ጭስ የዋጠ ሰው ኦክስጅን ሲሰጠው ማን ይስቅበታል?

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ኮፍያዬን እስከ ዓይኔ ደፍቼ። ወረፋ ላይ የማውቀው ትራፊክ ፖሊስ ቁጭ ብሏል። ሁለታችንም «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ተባባልን።

ሐኪሟ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን አለችው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቃዠትና መበርገግ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን በራሱ ይለቀዋል። ወር አልፎት ሥራና ቤት ሲያውክ ግን ሕክምና ይፈልጋል፤ ደግሞም ይታከማል። ባለቤቴ ጠበልም ወስዳኛለች፤ ደስ ብሎኝ ተጠመቅሁ። ክኒኑን ግን አላቋረጥኩም። አቋርጡ የሚላችሁን አትስሙ።

ስለ ጓዳችሁ አንድ ነገር ልበል። ከአደጋ የተመለሰ ሰው ላይ ተሰብስባችሁ «ያየኸውን ሁሉ ካልተናገርክ» አትበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ሻይ አቅርቡለት። ካወራ ስሙት፤ ዝም ካለ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ቤቱም አድርሱት። ሳምንት ቆይታችሁ ደግሞ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሉት። «እንዴት ነህ» ስትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋችኋል።

ሬሳ የሚያወጣው ዩኒፎርም የለበሰ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ውስጥ የመሬት ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጠውን ጎረቤት ሁለተኛው ናዳ ዋጠው። ከዚያ ተርፎ የቆፈረውን ገበሬ እንቅልፉን ማን ጠይቆት ይሆን?

መጋዘን ለገባው ልጅ ባለፈው ፋሲካ ደወልኩለት። ይቅርታ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ የሳቁት እኮ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለኝ።