መጀመሪያ በሮቹን ቁጠሩ

ሰላም ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ የሰፈር ፕላን እጃችሁ ከገባ፣ ከሁሉ በፊት በሮቹን ቁጠሩ። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ታክሲ መያዣ ለመድረስ በየት በኩል ይወጣል? ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሥራ ላይ አሳልፌያለሁ። ይህን ጥያቄ የሚያስቀድም ግን ብዙ አላየሁም።

“ሕዝቡ በእግሩ መሄድ አይወድም” የሚላችሁን አትስሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ሰው ይሄዳል፤ የሚያንገላታው የሰፈሩ አሠራር ነው።

ከተማው ዳር በአጥር የተከበበ፣ አንድ በር ብቻ ያለው የሪል እስቴት ግቢ ታውቃላችሁ። ዳቦ ቤቱ ከመስኮት ይታያል። ለመድረስ ግን ግቢውን ዞሮ፣ በዋናው በር ወጥቶ፣ በአስፋልቱ ዳር አቧራ እየጠጡ መሄድ ነው። እስቲ እንዲህ ዓይነት ግቢ በጀርባው ዞራችሁ አጥሩን ተመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ ቆርቆሮው ተፈልቅቋል። ልብስ እንዳይቀድ ጠርዙ ታጥፏል። ከሥሩ ሣሩ ተረግጦ ቀጭን መንገድ ወጥቷል። አንዲት እናት መጀመሪያ ዘንቢሏን ታሳልፋለች፤ ቀጥሎ ልጇን፤ ከዚያ ራሷ ጎንበስ ብላ ትወጣለች። ቀዳዳው ይደፈናል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይከፈታል። እባካችሁ እዚያ ቦታ ላይ በር አውጡ።

ነዋሪው “ሌባ ይገባብናል” ይላል። ስጋቱ የእውነት ነው፣ አትናቁት። ግን ከረጅም ባዶ አጥር ይልቅ ሱቅ ያለበትና ሰው የሚመላለስበት መንገድ ይሻላል። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ብዙ ቢታሙም፣ ምድር ላይ ሱቅ በማድረጋቸው በዚህ በኩል ጥሩ ሠርተዋል። ማታ መብራት አለ፣ የሚያይ ዓይንም አለ።

ሆላንድ ውስጥ ዩትሬክት አጠገብ ሀውተን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ መኪና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥቶ በቀለበት መንገዱ መዞር አለበት። እግረኛውና ባለ ብስክሌቱ ግን በመሀል ቀጥ ብለው ባቡር ጣቢያው ይደርሳሉ። እኛ ጋ የሚዞረው እግረኛው ነው። በቀለበት መንገዳችን ላይ ግንቡን ዘሎ የሚሻገረውን ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት፣ መሻገሪያ ድልድዩ ድረስ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ከተቻለ ከባድ ዕቃ ይዛችሁ።

ስለ ብስክሌትም ልንገራችሁ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ብስክሌት የኖረ ነው። አዲስ አበባ ዳገት ናት፣ አልክድም። ቢሆንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሲሠራ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የሚቀረው ከሰፈሩ እስከ መስመሩ ያለው መንገድ ነው። ደግሞም ብስክሌቱ የት ያድራል? ሊፍት በሌለው ጂ ፕላስ ፎር ላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ በየቀኑ ተሸክሞት አይወጣም። ደረጃው ሥር ቢያቆመው ይሰረቅበታል። ስለዚህ ምድር ላይ ቁልፍ ያለው የብስክሌት ክፍል ሣሉ። የሕንፃው ባለቤት “ቦታ የለም” ካላችሁ፣ አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ስምንት ብስክሌት እንደሚቆም ወረቀቱ ላይ ለክታችሁ አሳዩት። ይህንንም የመኪና ማቆሚያው ከመሣሉ በፊት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቦታ አይለቅላችሁም።