ፍላሹ በርቷል፤ ፎቶው ለምን ግማሹ ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ካነን ኤኢ-1 የፊልም ካሜራ አለኝ። በዲጂታል ካሜራ ከሚሠራ ጓደኛዬ ካነን 430ኢኤክስ 2 ፍላሽ ተውሼ ቤት ውስጥ ልደት አነሣሁበት። ሹተሩ 1/250 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀለበት «ኤ» (አውቶማቲክ) ላይ ነበር። ፍላሹ አንዴም አልከዳኝም፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲታተም ግን የፎቶው አንድ ጎን ጨለማ፣ ሌላው ፊት እስከማይለይ ድረስ ነጭ ሆነ። የራሴን ልገዛ ነው። ያገለገለ ቪቪታር 283 በርካሽ ቀርቦልኛል፤ ልውሰደው?

መልስ፦ ካሜራዎ ደህና ነው፤ ሁለት ስሕተቶች ተደራርበው ነው።

ጥቁሩ ከሹተሩ የመጣ ነው። የኤኢ-1 ሹተር ወደ ጎን የሚሮጡ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች ነው። እስከ 1/60 ድረስ ፊልሙ ለቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ከዚያ ሲፈጥን ግን አንደኛው መጋረጃ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ በፊልሙ ላይ የሚያልፈው ጠባብ ክፍተት ብቻ ይሆናል። የፍላሽ ብርሃን ደግሞ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ስለሆነ የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት የተገለጠውን ክፍል ብቻ ነው።

ነጩ የ«ኤ» ሥራ ነው። ቀለበቱ «ኤ» ላይ ሲሆን ካሜራው የሚለካው የክፍሉን ብርሃን እንጂ የዚህን ፍላሽ አይደለም፤ ሳሎኑ ስለጨለመበት ሌንሱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ፍላሹም ከኤኢ-1 ጋር መነጋገር ስለማይችል ያለውን ብርሃን ሁሉ ለቀቀ። ሹተሩን 1/60 ላይ፣ ፍላሹን ማኑዋል (በእጅ የሚታዘዝበት) ላይ አድርገው አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት፣ በእጅዎ ቢመርጡ ያው የተዋሱት ፍላሽ በደንብ ይሠራልዎታል።

ለአፐርቸሩ የፍላሹን ጋይድ ነምበር (የጉልበቱን ቁጥር) ከፍላሹ እስከሚነሣው ሰው ባለው ርቀት በሜትር ያካፍሉ። በ100 አይኤስኦ (የፊልሙ የብርሃን ስሜት መለኪያ) ጋይድ ነምበሩ 30 የሆነ ፍላሽ ለ4 ሜትር 7.5 ይሰጣል፤ ቀለበቱ ኤፍ 8 ላይ ይሁን። በ400 አይኤስኦ ፊልም ጋይድ ነምበሩ እጥፍ ስለሚሆን ኤፍ 16 ይበቃል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ለኤኢ-1 የምንመርጠው የራሱ ካነን ስፒድላይት 199ኤን ነው። ሲሞላ ሹተሩን ራሱ ወደ 1/60 ይወስደዋል፣ በ«ኤ» ላይም አፐርቸሩን ያዝዛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ የመሙያው መብራት ሳይበራ ከተጫኑ ካሜራው ፍላሽ እንደሌለ ቆጥሮ ያነሣል።

ቪቪታር 283ም ጎበዝ ፍላሽ ነው። ከፊቱ ያለው ዓይን ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን አይቶ ሲበቃው ይቆርጠዋል። (ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ክፈፉን ሲሞላው ግን ይታለላልና አፐርቸሩን ግማሽ እርከን ይክፈቱ።) ችግሩ ቮልቴጁ ነው፤ ጃፓን ከተሠሩት ቀደምቶቹ መካከል ካሜራው ላይ በሚገጠመው እግሩ በኩል ወደ ካሜራው ከ200 ቮልት በላይ የሚልኩ አሉ። ኤኢ-1 በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ካሜራ ስለሆነ ሳይለኩ ባይሞክሩት ይሻላል።

ስለዚህ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ይክፈቱ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ሽቦውን ከበላው ይተዉት። አዲስ ድንጋይ ከትተው መብራቱ እስኪበራ ይጠብቁ። ቴስተሩን ዲሲ 500 ወይም 1000 ቮልት ላይ አድርገው ቀዩን በእግሩ መካከል ባለው ነጥብ፣ ጥቁሩን በጎኑ ባለው ብረት ላይ ያስነኩ። ከ10 ቮልት በታች ካነበበ ይግዙት፤ መቶ ቤት ከገባ ይመልሱት። ዓመታት የተቀመጠ ፍላሽ መጀመሪያ ላይ ለመሙላት ቢዘገይ አይደንግጡ፤ ጥቂት ጊዜ ከተኮሰ በኋላም ካልፈጠነ ግን ኃይሉን የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ደክሟል።

ሲገጥሙት ፊልም በሌለበት ካሜራ ይሞክሩት። የኋላ በሩን ይክፈቱ፣ ሌንሱን በሙሉ ይክፈቱ፣ ሹተሩን 1/60 ያድርጉ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው በኋላ በኩል እያዩ ይጫኑ። አራት ማዕዘኑ ከዳር እስከ ዳር ብልጭ ካለ ፊልም ያስገቡ።