ከገበያ የጠፉ የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍት በትዕዛዝ ሲታተሙ፦ ጠራዡን ጠይቁት

ጠራዡ፦ እሺ ጀምሩ። ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጥረዛ ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ጀብድ የሚተረክበት ጨዋታ) ደሞ ከዛ በፊት ጀምሮ እጫወታለሁ። ዛሬ የምናወራው ህትመታቸው ስለቆመ የድሮ መጽሐፍት ነው፣ አሁን አንተ ስታዝ አንዷን ኮፒ ብቻ አትመው ስለሚልኩልህ። አመተ ምህረት ስጠራ በፈረንጅ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ተጣጥፎ የሚገባ ትልቅ ካርታ በትዕዛዝ ህትመት አይመጣም። ተቆራርጦ እንደ ተራ ገጽ መጨረሻ ላይ ይገባል ወይ ፒዲኤፉ ላይ ይቀራል። ስለካርታ እንዳትጠይቁኝ።

ሃያ ጎን፦ ጋሽ ጠራዡ ሰላም፣ የሚመጣው ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? ኢቤይ ላይ ካለው ዋጋ በጣም ስለሚያንስ ተጠራጠርኩ

ጠራዡ፦ ኦሪጅናልም አይደለም ፎርጅድም አይደለም። ባለመብቱ ራሱ ፈቅዶ የሚሸጠው ነው። ቲኤስአር የሚባል ድርጅት በ1974 ጨዋታውን አወጣ፣ በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገዛው፣ እነሱን ደሞ ሃዝብሮ በ1999 ገዛ። ስለዚህ መብቱ እዛ ነው ያለው፣ ዲኤምስ ጊልድ የሚባል የኢንተርኔት ሱቅ ላይ ፒዲኤፉን ያስቀምጣሉ፣ ከፊሉ ህትመትም አለው፣ ሁሉም ግን የለውም። ኢቤይ ላይ ዋጋው የሚሰቀለው ሰብሳቢ ስለሚሻማበት ነው። ይሄኛው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቡና ሊደፋበት የተሰራ ነው።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ ለስላሳ ሽፋን ይሻላል ጠንካራ? የዋጋ ልዩነቱ ያዋጣል?

ጠራዡ፦ ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ሰው ሽፋን ሽፋኑን ያያል፣ መጽሐፍ ግን የሚፈርሰው ከጀርባው ነው። ጠንካራ ሽፋን ስላለው የተሰፋ እንዳይመስልሽ፣ በትዕዛዝ የሚታተመው ጠንካራውም ለስላሳውም ውስጡ ያው በሙጫ የተጣበቀ ነጠላ ቅጠል ነው፣ ካርቶኑ የሚያድንልሽ ማዕዘኑን ብቻ ነው። የ1985ቱ አንኧርዝድ አርካና የሚባለው የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ ኦሪጅናል ሆኖ እንኳን ገጹ በመርገፉ የታወቀ ነው። የኔ ምክር፣ ሠላሳ ምናምን ገጽ ያለው ሞጁል (ተዘጋጅቶ የመጣ የጀብድ ታሪክ) ከሆነ ለስላሳውን ውሰጂ፣ ጀርባው ስለሚቀጥን ርዕስ እንኳን አይጻፍበትም። እንደ ህግ መጽሐፉ ሩልስ ሳይክሎፒዲያ 304 ገጽ ከሆነ ግን ጠንካራውን። እና ሲደርስሽ ወዲያው መሃሉን በርግደሽ እንዳትከፍቺው!! ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አቁሚው፣ ሁለቱን ሽፋን ግራና ቀኝ አስተኚ፣ ከዛ ከፊት ጥቂት ገጽ ገልጠሽ ሙጫው ጥግ ላይ በጣትሽ ከላይ እስከታች ቀስ ብለሽ ዳሺው፣ ከኋላ ደሞ ያንኑ ያህል፣ እንዲህ እያፈራረቅሽ መሃል እስክትደርሺ። አምስት ደቂቃ ነው። ይሄን ያላደረገ ሰው ከወር በኋላ ገጽ 150 ወለቀብኝ ብሎ ይጽፍልኛል። የኛ ብራና እኮ በሁለት የእንጨት ገበታ መሃል በሰንሰለት ስፌት ተሰፍቶ፣ ስንት መቶ አመት ቆይቶ አትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ዝርግ ብሎ ነው የሚተኛው፣ ሙጫ ሲባል ግን...

አቢ ዴንቨር፦ ጋሼ ብራና ጀመሩ ሃሃሃ

ጠራዡ፦ እና ውሸት ነው? ቀጥሉ።

አቢ ዴንቨር፦ እሺ የምሬን፣ አንዳንዱ ለምንድነው ጭራሽ የማይታተመው? የድሮውን የስታር ዋርስ ጨዋታ መጽሐፍ ፈልጌ ሞትኩ

ጠራዡ፦ ፈቃድ። የራሱ ያልሆነን አለም ተበድሮ የታተመ ጨዋታ ውሉ ሲያልቅ አብሮ ይሞታል። ዌስት ኤንድ ጌምስ ስታር ዋርስን በ1987 አወጣ፣ በ1998 ከሰረ፣ በ2018 ፋንታሲ ፍላይት የሚባል ሌላ አሳታሚ ለ30ኛ አመቱ ደግሞ አሳትሞታል፣ ያንን ያገለገለ ፈልግ። አይረን ክራውን በ1984 ያወጣው የሚድል ኧርዝ (የቶልኪን አለም) ጨዋታም በ1999 ፈቃዱን ሲያጣ በዛው ቀረ። በ1980 የወጣው ዲቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ የሚባለው የዲ ኤንድ ዲ የአማልክት መጽሐፍ ደሞ መጀመሪያ 144 ገጽ ነበር፣ ከሌሎች ደራሲዎች የተወሰዱት የክቱሉና የኤልሪክ ምዕራፎች ሲወጡ 128 ሆነ።

ያሬድ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ካርታው አብሮ ይመጣል?

ጠራዡ፦ ያሬድ ከላይ አንብብ።

ቤቲ አዲስ፦ ጋሼ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ፒዲኤፉን ገዝቼ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት በስፓይራል ባስጠርዘው ችግር አለው?

ጠራዡ፦ ገዝተሽው ለራስሽ አንድ ብታስጠርዢ ማንም አይመጣብሽም። አስር አባዝተሽ መሸጥ ግን ሌላ ነው። እንዲያውም ስፓይራል ዝርግ ብሎ ይከፈታል፣ ከሙጫ ይሻላል።

ሳሚ ዲኤም፦ ለምን ትገዛዋለች ቴሌግራም ላይ ሞልቶ የለ እንዴ

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሳሚ የኛ ደራሲዎች መጽሐፍ በቴሌግራም ሲበተን አንተ አይደለህ እንዴ ስትጮህ የነበረው

ሳሚ ዲኤም፦ እሱ ሌላ ነው፣ የኛ ደራሲ ደሃ ነው። ይሄ የሃዝብሮ ነው፣ ጨዋታውን ከፈጠሩት አንዱ ጋይጋክስ ደሞ ሞቷል

አቢ ዴንቨር፦ ቢሞትስ? በ2008 ነው የሞተው። የኛ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 (አመቱ በኛ አቆጣጠር) ራሱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 አመት ይላል። ደሞ መብቱ የድርጅቱ ነው እንጂ የሱ አይደለም

ሳሚ ዲኤም፦ ጠበቃ ሆንክ አሁን

ጠራዡ፦ በቃ በቃ። ሳሚ፣ የሚበተነውን ፒዲኤፍ ወስደህ ብታሳትመው ራስህ ነህ የምታዝነው፣ አብዛኛው ጠማማ ስካን ነው፣ ጥግ ያለው ጽሁፍ ተውጧል። ቀጣይ።

ኪያ፦ ጋሼ አይሳቁብኝ። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋን ላይ የጣኦት ሃውልት አለ አይደል፣ ቀንድ ያለው፣ አይኑን ሲነቅሉለት። እናቴ አይታው ጸበል ረጨችበት፣ ውስጡም ገባ። ቀለሙ ይለቃል?

ጠራዡ፦ ሃሃሃ እማማን ሰላም በልልኝ። በትዕዛዝ የታተመው ከሆነ ሽፋኑ ላይ ላስቲክ አለ፣ በጨርቅ ጥረገው። ውስጡ እንደማተሚያው ነው፣ ቶነር ከሆነ በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይፈራም፣ ወረቀቱ ግን ያብጣል። በረጠበው ገጽ መሃል ሶፍት አስገባ፣ ከላይ ከባድ ነገር ጫንበት፣ ሶፍቱን ቶሎ ቶሎ ቀይር። ጸጉር ማድረቂያ እንዳትጠቀም፣ ሙጫውን ያላላዋል።

ሳሚ ዲኤም፦ ሁለተኛውን እትም ግዛላት፣ በ1989 ሰይጣኖቹን አስወጥተዋቸው ነበር

አቢ ዴንቨር፦ በ1991 ስም ቀይረው መለሷቸው እኮ

ኪያ፦ እናቴ ስም ስለቀየሩ የምትሸወድ አይደለችም

ናኒ፦ የትኛውን ልግዛ? ጥሩ የሆነ ንገሩኝ

ጠራዡ፦ ጥሩ ለምን? ለመጫወት? መደርደሪያ ላይ ለማሳመር? ልብስ ቤት ገብተሽ ጥሩ ልብስ ስጡኝ ትያለሽ? የትኛውን እትም እንደምትጫወቺ ይዘሽ ተመለሺ።

ሃያ ጎን፦ የደረሰኝ መጽሐፍ ስዕሎቹ ላይ የሚወዛወዝ መስመር አለ፣ የማተሚያው ችግር ነው?

ጠራዡ፦ አይደለም፣ የስካኑ ነው። የድሮ ባለቀለም ስዕል የታተመው በትንንሽ ነጠብጣብ ነው፣ በማጉያ ብታየው ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው የምታገኘው። ስካን ሲደረግ ነጥቦቹም አብረው ይነሳሉ፣ አዲሱ ማተሚያ ደሞ የራሱን ነጥብ ይደርብበታል። ሁለት ነጠላ ደርበህ በመስኮት ብርሃን አይተህ ታውቃለህ? ሽመናው ላይ ሽመና ሲያርፍ ማዕበል ይሰራል፣ ያ ነው ያንተ ገጽ ላይ ያለው። ስካን ያደረገው ሰው ነጥቡን አለስልሶ ማጥፋት ነበረበት፣ አብዝቶ ካለሰለሰው ደሞ ጽሁፉ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ጥሩ ሰራተኛ ስዕሉንና ጽሁፉን ለየብቻ ነው የሚሰራው። አንተ ውድ የቀለም ህትመት ብትመርጥ ያው ማዕበሉ ደምቆ ይታይሃል እንጂ አይጠፋም፣ ብርህን አታቃጥል። ለዚህ ነው ከማዘዝህ በፊት ናሙና ገጹን አጉልተህ እይ የምለው። ገጽ ተገልብጦ ወይም ጎድሎ ከመጣ ግን እሱ የህትመት ስህተት ነው፣ ፎቶ አንስተህ ላክላቸው። እኔም አንዴ ካዘዝኩበት ቦታ መሃሉ ላይ የማላውቀው የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ ገብቶበት መጥቶልኝ፣ ፎቶውን ልኬ ቀይረውልኛል።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የምግቡን አስቀመጡት?

ጠራዡ፦ አስቀምጬዋለሁ።

ደረጀ፦ ፒዲኤፉን ብቻ ብገዛ አንድ ቀን ከአካውንቴ ሊጠፋ ይችላል?

ጠራዡ፦ በሚያዝያ 2009 ዊዛርድስ ፒዲኤፎቹን በሙሉ ከሽያጭ አነሳ፣ እስከ ጥር 2013 አልተመለሱም። አውርደህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ፍሬው፦ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ?

ጠራዡ፦ የሚመጣ ሰው ፈልግና በሻንጣ ይምጣልህ። ቀጣይ።

ናኒ፦ ወደ አማርኛ ተርጉመን ብናሳትምስ?

ጠራዡ፦ እሱ የኔ ሙያ አይደለም።

አቢ ዴንቨር፦ ናኒ የድሮዎቹን ያለፈቃድ አትችዪም። የአምስተኛው እትም መሰረታዊ ህጎች ግን በጥር 2023 ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል፣ ምንጩን ከጠቀስሽ ተርጉመሽ መሸጥም ትችያለሽ

ሳሚ ዲኤም፦ መጀመሪያ ዳንጀን በአማርኛ ምን እንደሚባል ተስማሙ። እስር ቤት? ዋሻ?

ኪያ፦ ምድር ቤት

ሳሚ ዲኤም፦ ምድር ቤትና ዘንዶ ሃሃሃ

ጠራዡ፦ እኔ ልወጣ ነው፣ የመጨረሻ ጥያቄ።

ቤቲ አዲስ፦ ጋሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ልሄድ ነው፣ ምን በያቸው ይሉኛል?

ጠራዡ፦ ጎበዝ። ፒዲኤፉ በአሜሪካ ሌተር ልክ ነው የተሰራው፣ እዛ ያለው ወረቀት ኤ4 ነው፣ ኤ4 በስፋት ስድስት ሚሊ ገደማ ያንሳል። ለተራው ገጽ በወረቀቱ ልክ አሳንሱት በያቸው፣ ወደ 97% ይወርዳል፣ ለንባብ ምንም አይልም። በግራ በኩል ለስፓይራሉ ቀዳዳ ቦታ ይተዉ፣ አለበለዚያ ፊደሉን ይበሱታል። ባለ አንድ ኢንች ካሬ የውጊያ ካርታ ካለው ግን እሱን ለብቻው 100% ብለሽ ኤ3 ላይ አሳትሚው፣ ካነሰ የጨዋታው ትንንሽ አሻንጉሊቶችሽ ካሬው ላይ አይበቁም።

ያሬድ፦ እንዴ፣ ካርታ የለም አላሉም ነበር?