«ባለበት ሁኔታ» ብዬ ፈርሜ የገዛሁት ጃኩዚ ያፈሳል፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ እናቴ ቁርጥማት አለባት። በየሳምንቱ ፍልውሃ ማመላለሱ ስለከበደኝ ያገለገለ ጃኩዚ በ185 ሺህ ብር ገዛሁ። ሻጩ ካዛንቺስ የእንግዳ ማረፊያ የነበረው ሰው ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃውን እየሸጠ ነበር፣ ያገናኘን ደላላ ነው። «እንደ አዲስ ነው፣ ማሞቂያው ምንም አይልም» ብሎ በቴሌግራም ጽፎልኛል። ላየው የሄድኩ ዕለት መብራት ስለሌለ አልሞከርኩትም። በወረቀቱ ላይ «ዕቃውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። አራት ኪሎ ቤቴ አምጥቼ ኤሌክትሪሺያኑ ሲሰካው ጢስ አለና ጠፋ። ውሃ ስንሞላው ደግሞ ከሥር ያፈሳል። ገልብጠን ስናየው ስንጥቁ በሲሊኮን ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ነው የገዛሽው» ይለኛል። ገንዘቤን ላገኝ እችላለሁ? ለደላላው የከፈልኩት 5 ሺህ ብርስ?

መልስ፦ በስንጥቁ ጥሩ ክርክር አለዎት። በማሞቂያው ግን ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ላይ አያደባልቋቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ይህ ዋስትና አይቀርም። እርግጥ ከአሮጌ ዕቃ የሚጠበቀው ከአዲሱ ያነሰ ነው፤ ክዳኑ ነትቧል፣ ጠርዙ ተጭሯል ብለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ ማንም አይሰማዎትም። ውሃ የማይዝ ገንዳ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ብዙ ደንበኞቼን ያስደነግጣቸዋል። ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት ማጥበብም ሆነ ማስቀረት መቻላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የሸሸገ ሻጭ በዚያ ቃል ሊከለል አይችልም። ሻጩ የሚከራከርዎትም እዚህ ላይ ነው፤ «እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር፣ አላውቅም» ይልዎታል። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ቀለሙ ከሥር የተጣበቀውን አቧራ ጭምር ሸፍኖ ይታያል። ይህ የፋብሪካ ቀለም አይደለም፣ የቆየም አይመስልም። ስለዚህ ሲሊኮኑን እንዳይፍቁት፣ ለጠጋኝም እንዳይሰጡት። ተጠግኖ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤት የሚመድበው ባለሙያ ምን ያያል?

ወደ ማሞቂያው ልምጣ። ሌላውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት፤ በሞተሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ተጽፏል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በቀጥታ 220 ላይ ሲሰካ ሊሸከመው ከሚችለው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል። ጢሱ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሲሠራ የነበረው 220ውን ወደ 120 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ከሆነ ሻጩ «ማሞቂያው ምንም አይልም» ሲል አልዋሸም፤ ያቃጠለው የእርስዎ ኤሌክትሪሺያን ነው ማለት ነው። ትራንስፎርመር እንደነበረ፣ እንደሚያስፈልግም ነግሮዎት እንደሆነ ያስታውሱ። ካልነገረዎት መከራከሪያ አይጠፋም፤ እኔ ግን ክሱን በዚህ ላይ አልመሠርተውም። ሰሌዳውን ሳያይ የሰካው ባለሙያም ከእርስዎ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ አለው።

አሁን የሚቀድመው ማስታወቂያ ነው። ሕጉ ጉድለቱን ያወቀ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል፤ ካሳወቁ በኋላ ደግሞ በቁጥር 2298 መሠረት መብትዎን የሚጠይቁበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በስልክ መነታረክ አይቆጠርም። ስንጥቁ የት እንዳለ፣ መቼ እንዳዩት፣ መጥቶ እንዲያየው እንደጋበዙት ጽፈው በሪኮማንዴ ይላኩ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ቴሌግራሙን እንዳያጠፉት፤ ሰውየው ከበኩሉ ሊያጠፋው ስለሚችል ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሱ። የተፈረመ ወረቀት በምስክር ቃል በቀላሉ አይፈርስም፣ ማታለልን ግን በምስክርም ማስረዳት ይቻላል። በማታለል ውሉ ይፍረስልኝ የሚለው የቁጥር 1704 መንገድም ክፍት ነው።

ደላላው? 5 ሺህ ብሩን ይርሱት። ሻጩ ምን እንዳለ በጆሮው የሰማ ሰው እሱ ነው፤ ምስክር የሚሆንዎትን ሰው ስለ ኮሚሽን አይጣሉት።

ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ያስቡ እንደሆነ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት ወንጀል የተደነገገ አለ። መርማሪው ወረቀቱን ሲያይ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ የመመለሱ ዕድል ግን ሰፊ ነው። ክሱ የሚቀርበው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ይሞክሩት። ጃኩዚውን መልሶ 150 ሺህ ብር ልክፈል ቢል እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እቀበላለሁ፤ የማሞቂያው ነገር በእርስዎ ላይ ሊዞር እንደሚችል አይተናል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አያሳድሩት። በወረቀቱ ላይ ያለው የሻጩ አድራሻ የካዛንቺሱ ቤት ነው፤ ያ ቤት ከፈረሰ መጥሪያው የሚደርስበት በር የለም። አሁን የት እንደሚኖር፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን ከደላላው ጠይቀው ይያዙ።