ሚውቴሽን ላጠና ነው፣ ማሽን ግን የለንም

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፣ ወላጆች ላይ ሳይኖር ልጅ ላይ አዲስ በሚታይ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ) ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ግን ዲኤንኤ የሚያነብ ማሽን የለም። "ትቼው በማታ አካውንቲንግ ልጀምር ወይ?" ብለሻል። በማሽኑ ምክንያት ከሆነ አትጀምሪ።

ሥራው እኮ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ነው። የአባት፣ የእናትና የልጅ ዲኤንኤ ይነበባል፤ ከዚያ ልጁ ላይ ኖሮ ሁለቱም ወላጆች ላይ የሌለ ፊደል ይፈለጋል። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ፣ አንድ ልጅ ላይ ያሉት እውነተኛ አዲስ ሚውቴሽኖች ከ60 እስከ 70 ቢሆኑ ነው፣ ያውም ከ3 ቢሊዮን ፊደላት መሀል፣ ማሽኑ በስህተት "አዲስ ነው" የሚያስብላቸው ደግሞ በሺህ ይቆጠራሉ። ተፈላጊው ሰው እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚችለው ነው።

የአይስላንድ ተመራማሪዎችን ሥራ እይ። በ2012 ባወጡት ጥናት 78 ልጆችን ከነወላጆቻቸው አንብበው፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ልጁ ላይ ሁለት ያህል ሚውቴሽን እንደሚጨምር አገኙ። የሴት እንቁላሎች ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ይዘጋጃሉ፣ የወንድ ዘር ግን ዕድሜ ልክ ሲባዛ ይኖራል፣ በተባዛ ቁጥር ደግሞ የመሳሳት ዕድል አለ። ይህን ያወጣው ቆጠራና ስታቲስቲክስ ነው። ለዚህ ነው ከማሽኑ ይልቅ ስታቲስቲክስ ላይ ያመጣሻት ሲ ያሳሰበችኝ።

ጂኖም ኢን ኤ ቦትል የሚባል ፕሮጀክት የአባት፣ የእናትና የልጅ ሙሉ ዳታ በነፃ ለቋል። ሁሉንም አታውርጂ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅሽን ይበላዋል። ከዲኤንኤው ትንሽ ክፍል የሆነውን ክሮሞሶም 22ን ብቻ ያዢ። ላፕቶፕሽ ደካማ ከሆነ ጋላክሲ የሚባለው ድረ ገጽ በራሱ ሰርቨር ይሠራልሻል። ያገኘሽውን፣ የተሳሳትሽውንም ጭምር፣ በሁለት ገጽ ጻፊና ለመምህር ላኪ። "እባክዎ ያማክሩኝ" ብቻ የሚል ኢሜይል ማንም አይመልስም።

ሥራን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ እዚህ አገር "የሰው ሚውቴሽን ባለሙያ" የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ግን ይኸው ችሎታ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የጀርሞችን ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤ)፣ በሆለታው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የሰብሎችን ለማንበብ ያገለግላል። እዚያ ለልምምድ አመልክቺ። ስታቲስቲክሱን ደግሞ በክረምት ድገሚው።