በፓርኪንሰን ላይ የመመረቂያ ጥናት መሥራት ለሙያዬ ይጠቅመኛልን?

ውድ ጠያቂያችን፣ በጅማ የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ መሆንሽን፣ ሴት አያትሽ እንቅስቃሴን በሚያውከው የአንጎል በሽታ፣ በፓርኪንሰን ሕመም፣ በመያዛቸው የመመረቂያ ጥናትሽን በወንድና በሴት ሕሙማን ልዩነት ላይ ለመሥራት ማሰብሽን፣ ጓደኞችሽ ግን «ርእሱ እንጀራ አያበላም» እንዳሉሽ ጽፈሽልናል።

ጓደኞችሽ ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ «የፓርኪንሰን ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቂ ጠብቀሽ ትቀሪያለሽ። ይሁን እንጂ በክሊኒካል ፋርማሲ ለመቀጠል ካሰብሽ፣ መድኃኒትን ከታማሚው አካልና ኑሮ ጋር አዛምዶ ማየትን ይህ ርእስ በሚገባ ያስተምርሻል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ሲገልጽ ያቀረባቸው ስድስቱም ሰዎች ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም በሽታው በወንዶች ላይ 1.5 እጥፍ ያህል በዝቶ እንደሚታይ ያሳያሉ፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን በዚህ በሽታ የሚጎዱትን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል አመንጪ ሕዋሳት ሳይጠብቅ አይቀርም የሚል መላምት ቢኖርም ምክንያቱ ገና አልተቋጨም። ለአንቺ ሙያ የሚቀርበው የበሽታው ዋና መድኃኒት የሆነው የሌቮዶፓ ጉዳይ ይመስለኛል። ሴቶች በአማካይ ክብደታቸው አነስተኛ በመሆኑ ያው መጠን በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ሲቆይ የሚያመጣው ያለፈቃድ መወራጨትም በሴቶች ላይ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ የታዘዘውን መጠን ከሰውነት ክብደት ጋር አነጻጽሮ ማየት አንድ ተመራቂ ሊወጣው የሚችል ጥያቄ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉብሽ። እንደ ሃሎፔሪዶል (ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ) እና ሜቶክሎፕራሚድ (ለማስታወክ የሚሰጥ) ያሉ መድኃኒቶች ፓርኪንሰንን የሚመስል መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ያስከትላሉ፤ ይህም በሴቶች ላይ የሚያይል በመሆኑ እነዚህን ሕሙማን ሳትለዪ ከቆጠርሽ ቁጥርሽ ይዛባል። ሁለተኛው ከሥርዓተ ጾታ ጋር የተያያዘ ነው፦ ቡና ስትቀዳ እጇ የሚንቀጠቀጥ እናት «እርጅና ነው» ተብላ ቤት ልትቀር ስለምትችል፣ በመዝገብ ላይ ሴቶች ማነሳቸው የበሽታው ጠባይ ይሁን ወይስ ወደ ሕክምና የሚያመጣቸው ሰው ማጣታቸው ከካርድ ብቻ አይለይም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት እዚህ ላይ ይረዳሻል፤ አስታማሚዎችን በየቤታቸው ለማነጋገር ግን አፋን ኦሮሞ ያስፈልግሻል፤ የማትችዪ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በዚህ አካባቢ ሥራ ስትፈልጊም ከዲግሪሽ ባልተናነሰ ይጠቅምሻል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ካገኘሽ በኋላ አስቀድመሽ ጥቂት ካርዶችን አውጥተሽ የክብደት መሙያው ተሞልቶ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ባዶ ከሆነ ጥያቄሽን ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ ለውጪው።