ካዝናዬን ይዤ ልግባ?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ዕድሜዬ 54 ነው። በውርስና በግብር ጉዳይ 23 ዓመት ጥብቅና ቆሜያለሁ። ልደታ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ፤ እኔ፣ ጸሐፊዬና አንድ የብረት ካዝና ነን። አሁን አምስት ወጣት ጠበቆች ያቋቋሙት ድርጅት በሽርክና ግቢ እያለኝ ነው። አንደኛው እኔ ጋ የተለማመደ ልጅ ነው፤ ዛሬም «እትዬ» ነው የሚለኝ። የሚሠሩት ለኩባንያዎች ነው። ባለቤቶቹ ስላረጁ ውርስና ግብር የሚያውቅ ሰው ፈለጉ።

እኛ ስንጀምር የጥብቅና ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም። አዋጅ 1249 በ2013 እስኪወጣ ድረስ ቢበዛ የቢሮ ኪራይ ነበር የምንጋራው። ለብቻዬ መወሰን ለምጃለሁ። አሁን በምቀበለው ደንበኛ ሁሉ ስብሰባ ልቀመጥ?

ካዝናው ደግሞ አለ። ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸው ኑዛዜዎች ውስጡ ተቆልፈዋል። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ደንበኞቼ ግን «ገና ሳልሞት!» እያሉ ይሸሻሉ። ቀኑን በደብተሬ እየቆጠርኩ የምጎተጉታቸው እኔ ነኝ። ይህን ምስጢር ለአምስት ሰው ላካፍል? እባክዎ ይምከሩኝ።

የልደታዋ ጠበቃ

የተከበሩ እህቴ፣

ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ደብተሩ ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን ያነበዋል? እግዜር አያድርገውና ሁለት ወር ቢተኙ፣ በዚያ መሃል የአንዱ ሰውዬ ሰባተኛ ዓመት ቢሞላስ? ግብሩም ያው ነው፤ የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት መሆኑን ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ለሰው ኑዛዜ ሲያሰናዱ ኖረው ቢሮዎን ያለ ኑዛዜ ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ ይግቡ ባይ ነኝ።

ግን ካዝናውን ዝም ብለው ጭነው እንዳይሄዱ። ምስጢሩ የባለቤቶቹ ነው። ለያንዳንዳቸው ይደውሉ፤ «ቤት ልቀይር ነው፣ ኑዛዜዎ ይከተለኝ፣ ይወስዱታል ወይስ እናስመዝግበው?» ይበሏቸው። እስከ ዛሬ ሲሸሹ ከነበሩት ጥቂቶቹ ደንግጠው ያስመዘግቡ ይሆናል።

ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ የደንበኛ ስም አስተያዩ። የደንበኞችዎን ፈቃድ ይዘው፣ ስም ብቻ፣ የውስጡ ጉዳይ ሳይነሳ። የውርስ ጠብ የወንድማማች ጠብ ነው። እርስዎ የእናትየውን ኑዛዜ ይዘዋል፤ እነሱ ደግሞ ለትልቁ ልጇ ኩባንያ ጠበቃ ናቸው እንበል። እስከ ዛሬ ሁለት ቢሮ ነበር። ከገቡ በኋላ ግን ያው አንድ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ማን የቱን እንደሚለቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስብሰባው ይሰለቻል፤ እሱን አልዋሽዎትም። እኔን ያሳሰበኝ ግን «እትዬ» የሚልዎ ልጅ ነው። ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» ሊልዎ ይችላል? ይሞክሩት። አንድ ያለቀ የቆየ መዝገብ ሰጥተው ክርክርዎን እንዲተች ያድርጉት። አንገቱን ደፍቶ «ጥሩ ነው እትዬ» ብቻ ካለ፣ እዚያም ሄደው ለብቻዎ ሊወስኑ ነው፤ ልዩነቱ ለስህተትዎ ስድስት ሰው መክፈሉ ነው።

ስለ ጸሐፊዎ ግን ምንም አልጠየቁኝም። ደብተሩ ሲጠፋ ፈልጋ የምታገኘው እሷ ትመስለኛለች። የእሷም የሥራ ውል እርስዎ በሚፈርሙበት ቀን ይፈረም።